የእንጉዳይ የወረቀት ታንኳ

ከሐይቁ በስተደቡብ፣ ደንገሉ ሳስቶ ድንጋያማው ዳርቻ በሚጀምርበት ቦታ፣ አቅናልኝ የሚባል የታንኳ መውረጃ አለ። ዛሬ የሞተር ጀልባም ይቆምበታል፤ ከፍ ብሎ ጤና ጣቢያ ተሠርቶበታል፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ሰው ከየደሴቱ መጥቶ የሚወርደው እዚያ ነው። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ አንድ የጥንት ገዢ አገር ያቀናበት፣ ወይም መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት «መንገዴን አቅናልኝ» እያለ አምላኩን የለመነበት ቦታ ይመስለዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ስሙ ከገዢም ከጸሎትም የመጣ አይደለም፣ ውኃ ከምትፈራ ከአንዲት ፈታይ አፍ የወጣ ነው ይላሉ።

በአያቶቻቸው አያቶች ዘመን በዚህ ዳርቻ አንለይ የሚባል ታንኳ ሠሪ ይኖር ነበር። ደንገሉን ራሱ ያጭዳል፣ ራሱ ያደርቃል፣ ራሱ ያስራል፤ ሰውና እህል ጭኖ ከደሴት ደሴት የሚያሻግረውም ራሱ ነበር ይባላል። እጁ የተመሰገነ ቢሆንም አመሉ ሰው ያስቸግር ነበር፤ የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ፣ ሌላው ሰው ለምግብ ሲቀመጥ እሱ የዳሱን ምሰሶ ነቅሎ ሲተክል ሙሽራው ደርሶበታል ይላሉ። የታመመ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲገባም መጀመሪያ የሚያየው በሽተኛውን ሳይሆን የበሩን መቀርቀሪያ ነበር።

ሚስቱ እንጉዳይ ከደጋ የመጣች ነበረች። በፈትል የሚስተካከላት አልነበረም፤ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ለቀጭን ፈትል ጥጥ ይመጣላት ነበር። ውኃ ግን ትፈራለች። ተድራ ከመጣች ጀምሮ በባሏ ታንኳ አንድም ቀን አልተሳፈረችም፤ ነዪ ሲላትም «እኔን በምድር ውሰደኝ፣ እስከፈለግህበት በእግሬ እሄዳለሁ» ትለዋለች። እሱም ይስቅባታል፣ እሷም ዳር ቁማ እስኪመለስ ትጠብቀዋለች። መሄድ የጀመረች ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው ፈንጣጣ የገባው። በሽታው ወደ አገሩ በየት በኩል እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ ከገበያ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከዘማች ጋር ነው ይላል። ብቻ በየቤቱ ሲዛመት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ የታመመ ሁሉ ከዳርቻው ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ደሴት እንዲሻገር፣ ያልያዘው ሰው ደግሞ ደሴቲቱን እንዳይረግጥ ወሰኑ። የሚያስታምሙት ከዚህ በፊት ፈንጣጣ ወጥቶባቸው የዳኑ እማማ ማንጠግቦሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እሳቸው በታንኳ ወደ ዳርቻው ይቀርቡና ከውኃው ውስጥ ሳይወጡ ይቆማሉ፤ የበሽተኞቹ ዘመዶች ምግቡን ድንጋይ ላይ አኑረው ወደ ኋላ ሲርቁ እሳቸው ያነሳሉ። ከደሴቲቱ የሚመጣ ዕቃ ግን ማንም አይቀበልም፤ የሚሻገረው ቃል ብቻ ነበር።

በሽተኞቹን መጀመሪያ ያመላለሳቸው አንለይ ነው ይባላል። ሌላው ሰው ሲሸሽ እሱ «ታንኳዋ የኔ፣ ውኃው የለመድኩት፣ ማን ሊወስዳቸው ኖሯል?» ብሎ ተነሣ። ሲያመላልስ ሰንብቶ በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙን ይርሳውን አሳፈረ፤ በዚያው ጉዞ ራሱም ራስ ምታት ጀመረው፣ ደሴቲቱ ላይ እንደወረደም ወደቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲት ጎጆ ጎን ለጎን ተኙ። ይርሳው አልዳነም። እማማ ማንጠግቦሽ አስከሬኑን ሲያወጡ አንለይ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ያይ ነበር ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀው። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱም መርገፍ ጀመረ፤ ግራ ዓይኑ ግን ጠፍቶ ነበር። እማማ ማንጠግቦሽ «ዳነ» ብለው ምሥራቹን ለእንጉዳይ ሲነግሯት መንደሩ እልል አለ። ነገር ግን ቀናት አልፈው ሌሎቹ የዳኑት ተነሥተው ፀሐይ ሲሞቁ አንለይ አልተነሣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ የተላከለት ገንፎ እንደተላከ ይቀርና አሮጊቷ ለወፎች ይበትኑታል።

«ምን ሆነ?» ስትል ጠየቀች እንጉዳይ፣ ድንጋዩ አጠገብ ቆማ።

«በሽታውስ ሄዷል ልጄ» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ ከታንኳቸው ላይ። «መነሣት ነው እምቢ ያለው። ወንድሜን በእጄ አምጥቼ ገደልኩት ይላል። በዚህ ዓይን ማንን አሻግራለሁ ይላል።»

«እኔንስ? እኔን ምን አለኝ?»

አሮጊቷ መናገር አልፈለጉም ነበር። እንጉዳይ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«አትጠብቀኝ፣ ልጅ ናት፣ ትዳር ትያዝ በሏት ብሏል።»

እንጉዳይ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም ይባላል። ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ተመለሰችና እንዝርቷን አነሣች፤ ነገር ግን ክሩ በጣቷ መካከል እየተበጠሰ አስቸገራት። ምን ልላክለት እያለች አሰበች። ምግብ ሰው ሁሉ ልኮለታል። ቅቤም ማርም ተልኮለታል። ምክርም ቢሆን ካህኑ በእማማ ማንጠግቦሽ በኩል ደጋግመው ልከውለት ሳይሰማ ቀርቷል።

በዚያው ሰሞን ሸህ ኢድሪስ የሚባሉ ነጋዴ አንለይ ያሻግረኛል ብለው መጡ። ከዓመት ዓመት በሱ ታንኳ የሚሻገሩ ደንበኛው ነበሩ። መታመሙን ሲሰሙ አዝነው እንጉዳይን ሊጠይቁ ገቡና «ምን ላድርግልሽ ልጄ?» አሏት። ዕቃቸው የተጠቀለለው በወፍራም ሰማያዊ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ወረቀት ብርቅ ነው፤ የሚጻፈው በብራና ነበርና ብዙው ሰው ወረቀት በእጁ ነክቶ አያውቅም። እንጉዳይ ወረቀቱን አየች።

«ይህንን ቢተዉልኝ» አለች።

«ዕቃውን ነው?»

«የለም፣ ልብሱን።»

ነጋዴው ግራ ቢገባቸውም ዕቃቸውን በጨርቅ አዙረው ወረቀቱን ሁሉ ትተውላት ሄዱ።

እንጉዳይ ወረቀቱን ቆራርጣ አንዱን ቁራጭ በእንዝርቷ እንጨት ላይ ጠቀለለችው፤ እንጨቱን ስትመዘው ክፍት ሆኖ የቀረው ጥቅል ደንገል መሰለ። ደግማ ጠቀለለች። ጥቅልሎቹ ሲበዙ ሰም አቅልጣ ቀባቻቸው፣ ውኃ እንዳይገባቸው። ከዚያ ባሏ ደንገሉን ሲያስር ከሩቅ እንዳየችው አድርጋ በራሷ ፈትል አሰረቻቸው፣ አንዱንም ጫፍ ወደ ላይ ቀለበሰችው። ታንኳ ሠራች ማለት ነው። ነገር ግን ውኃ ፈርታ ታንኳን ጠጋ ብላ አይታ አታውቅምና የሠራቻት ታንኳ አፍንጫ ወደ ጎን ዞረ፣ አንደኛው ጎኗ አበጠ፣ ሆዷም ጎበጠ።

ጎረቤት ይህን አይቶ ዝም አላለም። የአንለይ ሚስት ሰማያዊ ወረቀት እየጠቀለለች በክር ታስራለች፣ አስማት ይዛለች የሚል ወሬ ተነሣ። የደብሩ አለቃ ተድላ ሰምተው መጡና «ልጄ፣ የምታስሪውን ነገር እስቲ አሳይኝ» አሏት። አወጣችላቸው። አለቃ ወደ ብርሃን ወስደው አገላብጠው አዩት፣ በጥቅልሎቹም ቀዳዳ አሾለቁ።

«ጽሕፈት የለበትም» አሉ ውጭ ለቆመው ሰው። «ክታብም አይደለም። ታንኳ… ታንኳ መሰለኝ።»

«ታንኳ ነው እንጂ አባ!» አለች እንጉዳይ ተናዳ።

አለቃም «ይሁን ልጄ፣ ይሁን» ብለው መለሱላት፤ ሰውም እየሳቀ ተበተነ።

እማማ ማንጠግቦሽ ታንኳዋን ወስደው አንለይ ራስጌ አኖሯት። አላያትም። እንጉዳይ ሌላ ሠርታ ላከች፤ ያችም ከፊተኛዋ የባሰች ነበረች። እሷንም አላያትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ራስጌው በጠማማ ሰማያዊ ታንኳ ተሞላ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞርም አሮጊቷ ቦታ ሲጠብባቸው ከግድግዳው በኩልም መደርደር ጀመሩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እማማ ማንጠግቦሽ እሳት ሲያያይዙ ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ።

«እማማ፣ ይህችን ነገር ከፊቴ ያንሱልኝ።»

«ምን አደረገችህ?»

«አፍንጫዋ ወዴት እንደሚያይ አያዩም? ይህች ውኃ ላይ ብትወርድ ዙራ ዙራ የራሷን ጭራ ነው የምትነክሰው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ታንኳ ሠሪው አንተ» አሉና ወደ እሳታቸው ተመለሱ። ታንኳዋንም አላነሡለትም።

አንለይ ለመዞር ሞከረ፣ ታንኳዎቹ ግን በዚያም በዚህም ነበሩ። በመጨረሻ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና አንዷን ይዞ ክሯን ፈታ። ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታዘዙትም፤ ቋጠሮው ሲሾልክበት፣ ጥቅልሎቹ ሲበተኑበት፣ ታንኳዋን ወርውሮ እንደ ልጅ አለቀሰ ይባላል። ከታመመ ጀምሮ ለወንድሙም ያላለቀሰ ሰው ነበር። እማማ ማንጠግቦሽ ጥቅልሎቹን ከየወደቁበት ለቃቅመው መልሰው አጠገቡ አስቀመጡለት። ሲመሽ፣ ጣቴ እንዲበረታ አጥሚት ይስጡኝ አላቸው።

በማግስቱ አሮጊቷ ወደ ዳርቻው ሲመጡ ታንኳቸው ላይ ቆመው አንዲት ሰማያዊ ነገር በእጃቸው ወደ ላይ አነሡ። ከደሴቲቱ የመጣ ዕቃ አይነካምና እንጉዳይ መቅረብ አልቻለችም። ከቆመችበት ሆና ግን የታንኳዋ አፍንጫ ቀጥ ማለቱን አየች። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልበልልሽ?» አሉ አሮጊቷ።

እንጉዳይም «ሌሎቹም ጎብጠዋል፤ አቅናልኝ በሉት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቃል ይመላለስ ጀመር። እሱ «በቀኝ በኩል ጥቅልል ጨምሪ» ብሎ ይልካል፣ እሷ በግራ ጨምራ ትልካለች። «ክሩን አጥብቂው» ይላል፣ ልል ሆኖ ይመጣል። አንለይ እየተነጫነጨ ይበላል፣ እየተነጫነጨ ይሠራል። የሠራውን ውኃ ላይ ለመሞከር ደግሞ እስከ ዳሩ መድረስ ነበረበት፤ መጀመሪያ በእማማ ማንጠግቦሽ ትከሻ፣ ኋላም በዘንግ እየተደገፈ ሄደ።

አንድ ጸጥ ያለ ቀን ግን ታንኳዋን ውኃው ላይ ሊያኖር ጎንበስ ሲል ከታች የራሱን ፊት አየ። ከታመመ ጀምሮ አይቶት አያውቅም ነበር። ታንኳዋን እዚያው ጥሎ ወደ ጎጆው ተመለሰና እንደገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽማግሌዎቹ ደሴቲቱ ላይ በሽተኛ አልቀረም፣ አንለይም ከእንግዲህ ሰው አይይዝም፣ ልብሱን አቃጥሎ፣ ታጥቦ ይመለስ ብለው በላኩበት ጊዜ የመለሰው ቃል አንድ ነበር፦ «ልጄ ታየኛለች። አልመጣም።»

እማማ ማንጠግቦሽ ይህን ለእንጉዳይ ሲነግሯት፣ እሷ ትርንጎን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ራሷ ፈትላ ያሠራችውን አዲስ ጋቢ በጉያዋ ይዛ፣ ወደ ውኃው ገባች። መንደሩ ዳር ወጥቶ ያይ ነበር። ታንኳዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ደንገሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። «ይቅዘፉ እማማ» አለች፤ «ወደ ኋላ ብዬ ብጮህም አይመልሱኝ።» ጮኸችም ይባላል። አሮጊቷም አልመለሷትም።

ደሴቲቱ ላይ እስከ ወገቧ ርሳ ወጣች። አንለይ ጎጆው ደጃፍ ላይ ነበር፤ ጩኸቷን ሰምቶ ሳያስበው ብድግ ብሎ ወጥቷል። ስታየው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። እሷ ደግሞ ፊቱን ሳታይ ወደ ኋላዋ ጣቷን ቀሰረች።

«ይህችን ታንኳ የሠራት ማን ነው? ስታዘናብለኝ መጣች! ልትገድለኝ ነበር!»

አንለይ ከነጠላው በታች አጮልቆ አየ። «የዚያ የታንኳ ሠሪው የዘለቀ ሥራ ናት» አለ። «እኔ አይደለሁም። ግራ ጎኗ ላልቷል።»

«እንግዲያው በምን ልመለስ ነው?»

እንጉዳይ ቀረብ ብላ አዲሱን ጋቢ አለበሰችው፤ እሱ ጋቢውንም እንደ ነጠላው ወደ ፊቱ ሊስብ ሲል እጁን ያዘችው።

«ከፊትህ አውርደው አንለይ። ስትመልሰኝ መንገድ የምታይበት ዓይን ያስፈልግሃል፤ አንዱ ይበቃናል።»

ከዚያ የተነጋገሩትን የሚያውቅ የለም። እማማ ማንጠግቦሽ ወደ እሳታቸው ዞር ብለው ነበርና እሳቸውም አልሰሙም። ብቻ ሲቆይ አንለይ የታንኳዋን ግራ ጎን ፈትቶ አጥብቆ አሰረው፤ አሮጌ ልብሱን አቃጥሎ ታጠበ፤ ወደ ወንድሙ መቃብር ሄዶ ተመለሰ፤ የመቅዘፊያውንም ዘንግ አነሣ።

በአንድ ዓይን መቅዘፍ ግን በሁለት እንደመቅዘፍ አይደለም። ታንኳዋ ወደ ግራ እየወሰደችው፣ እሱ እየመለሳት፣ እሷ እንደገና እየሸሸች ስትመጣ፣ ዳር ላይ የተሰበሰበው ሰው ከሁሉ በፊት የሰማው የእንጉዳይን ጩኸት ነበር። «አቅናልኝ! አንለይ፣ አቅናልኝ! ስለ እመቤቴ፣ አቅናልኝ!» እያለች ሐይቁን አቋረጠች። ሰው እያለቀሰ ይስቅ ነበር ይባላል። የለመደው መውረጃ ስቶት፣ ራቅ ብሎ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ወጣ፤ የዛሬው አቅናልኝ ያ ነው። ትርንጎም አባቷን አይታ መጀመሪያ ጎረቤቷ ጉያ ውስጥ ተሸሸገች፤ ቀስ ብላ ወጥታ ግን ጋቢውን ጨበጠች፣ የዚያን ዕለትም ከዚያ በላይ አልጠየቃትም።

ካህናቱ ስሙ የወጣው እንጉዳይ በእማማ ማንጠግቦሽ ከላከችው ቃል ነው ይላሉ፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ግን ከጩኸቷ ነው ብለው አጥብቀው ይከራከራሉ። አንለይ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሰው አሻግሯል፤ ሁልጊዜም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር አሉ፣ ቅር ያለው ተሳፋሪ ግን አልነበረም። እንጉዳይም ዳግመኛ ታንኳ ላይ አልወጣችም። ስታረጅ ልጇ ትርንጎ «እማ፣ ያኔ ታንኳዋን ሆን ብለሽ ነበር የምታጣምሚው?» ብላ ብትጠይቃት፣ ፈትሏን ሳታቋርጥ «የመጀመሪያዋን አላወቅሁም ነበር» ብላ መለሰችላት ይባላል።

እነሆ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በአቅናልኝ ሰው ከሕመም ሲያገግም ዘመዱ የወረቀት ታንኳ ይሠራለታል። ሰማያዊው ወረቀት ዛሬ የለም፤ በደብተር ቅጠልም፣ በካላንደርም፣ በሲሚንቶ ከረጢትም ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሞላ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ሚስቱ ዘነበች ግማሽ አካሏ ሰንፎባት፣ አንደበቷም ተሳስሮ ጤና ጣቢያው ተኝታ ሳለች፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና ታንኳ ሥራ ሲባል ተጨንቆና ተጠቦ እጅግ ያማረች ሠራ። መውረጃው ላይ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ተቀባበሏት። ትልቋ ወይዘሮ ጥሩዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አገላብጠው አዩዋት።

«በጣም ታምራለች» አሉ። «ታዲያ እሷ ምን ትሥራባት?»

ከዚያ አፍንጫዋን በአውራ ጣታቸው ወደ ጎን ገፍተው፣ አንዱን ክር አላልተው መለሱለት። ሞላ ቅር እያለው ወደ ላይ ወጣ። ሲመለስ ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ጠበቁት።

«አየቻት?»

«አየቻት። ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ በዚያ በሰነፈው እጇ ክሩን ሳበችው።»

«አልተናገረችም?»

«ተናገረች እንጂ» አለ ሞላ፣ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ። «‹ሞላ፣ አንተ… መቼ ነው… ማሰር… የምትማረው?› አለችኝ።»